ሶላር ከማስገባትዎ በፊት፦ የቤትዎን የኤሌክትሪክ መስመር እንዴት ያዘጋጃሉ?

«ፓነሉንና ኢንቨርተሩን ገዝቻለሁ፤ የቤቴ መስመር ይሸከመዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የመጣበት ጊዜ ግን ዘግይቷል። ኢንቨርተር የፓነሉንና የባትሪውን ቀጥተኛ ኃይል (ዲሲ) ቤቱ ወደሚጠቀምበት ተለዋዋጭ ኃይል (ኤሲ) የሚቀይር መሣሪያ ነው። የኢንቨርተሩን መጠን፣ የሚሰቀልበትን ግድግዳና የሚገዛውን ኬብል የሚወስነው ቤቱ ስለሆነ መስመሩ መታየት ያለበት ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ነው። ሶላር የደከመ መስመርን አያድስም። በአጭር አጠቃቀም ጊዜ ሳይታወቅ የኖረ የላላ ብሎን፣ ከኢንቨርተር ጋር ለሰዓታት ከፍተኛ ጭነት ሲያልፍበት ይግላል፣ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም እሳት ያስነሣል።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ከ220 እስከ 240 ቮልት ለሚሠራ ቤትና ለመዳብ ሽቦ የሚሆኑ ናቸው። የሚኖሩበት አገር ደንብ ወይም የኢንቨርተሩ መመሪያ የተለየ ነገር ካዘዘ እርሱን ይከተሉ።

ማን ምን ይሥራ?

ዕቃ መመዝገብ፣ መቁጠር፣ ሳጥኑን ሳይከፍቱ መመልከት፣ የቧንቧ መንገድ መምረጥና ምልክት መለጠፍ የእርስዎ ሥራ ነው። የብሬከር ሳጥን መክፈት፣ ሽቦ መለወጥ፣ የመሬት መስመር መለካትና ማገናኘት ደግሞ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። የባለሙያውንም ሥራ እዚህ የምዘረዝረው ምን እንደሚጠይቁትና ምን ሠርቶ ማሳየት እንዳለበት አውቀው እንዲቆጣጠሩ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለፍተሻ፦
• መልቲሜትር፣ እና ሽቦውን በማቀፍ ብቻ አምፔር የሚለካ ክላምፕ ሜትር
• በ500 ቮልት የሚሠራ የኢንሱሌሽን (የሽቦ ልባስ) መለኪያና የመሬት መስመር መለኪያ (ባለሙያው ይዞ የሚመጣቸው)
• እጀታቸው የተሸፈነ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ የእጅ ባትሪ፣ ማስታወሻ ደብተር

ለሥራው፦
• ሁለተኛ የብሬከር ሳጥን፣ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ትርፍ ቦታ ያለው
• ብሬከሮች፣ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኃይል ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጥ መከላከያ)፣ የቮልቴጅ ዝላይ መከላከያ
• ባለ ሦስት ቦታ የኃይል መቀየሪያ ማብሪያ
• የመዳብ ሽቦ፣ የሽቦ ቧንቧ፣ የመሬት ዘንግና ማሰሪያው
• ለኬብል ጫፍ የሚሆኑ ላጎችና መጨበጫ መሣሪያ፣ የማይለቅ ምልክት መለጠፊያ

ማስጠንቀቂያ፦ ዋናው ብሬከር ሲጠፋ ሳጥኑ በሙሉ ሞተ ማለት አይደለም። ከቆጣሪው ወደ ዋናው ብሬከር የሚገባው ሽቦ አሁንም ኃይል አለው። ማንኛውንም ሽቦ ከመንካት በፊት መለኪያውን ኃይል ባለበት ሶኬት ይሞክሩት፤ ከዚያ ሊሠሩበት የፈለጉትን ሽቦ ይለኩ፤ ከዚያም እንደገና ወደ ሶኬቱ ተመልሰው መለኪያው በመሐል እንዳልተበላሸ ያረጋግጡ። የሞተ መለኪያ ሁሉንም ሽቦ «ኃይል የለውም» ይላል።

1. ኃይል ሲቋረጥ መሥራት ያለበትን ይለዩ

በየክፍሉ እየዞሩ ዕቃዎችን ከነዋታቸው ይጻፉ። ዋቱ ከጀርባቸው ወይም ከሥራቸው በተለጠፈው ምልክት ላይ አለ። ከዚያ በሁለት ይክፈሏቸው፦ ኃይል ሲጠፋ የግድ መሥራት ያለባቸውና ሊጠብቁ የሚችሉ። መብራት፣ ማቀዝቀዣ፣ የኢንተርኔት መሣሪያና ኮምፒውተር በመጀመሪያው ምድብ ይገባሉ። የውሃ ማሞቂያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ካውያ በሁለተኛው ቢሆኑ ይሻላል፤ አንድ የውሃ ማሞቂያ ብቻውን ከ1500 እስከ 3000 ዋት ስለሚወስድ ባትሪውን ቶሎ ያሟጥጣል።

ሞተር ያለባቸውን ለብቻ ምልክት ያድርጉባቸው። የውሃ ፓምፕና ማቀዝቀዣ ሲነሡ ለቅጽበት ከተጻፈባቸው ዋት ብዙ እጥፍ ይጠይቃሉ። 750 ዋት የሚል ፓምፕ ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተርን ሊያስቆም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የቀሩ ባለ ክር አምፖሎች ካሉ ይለውጧቸው። የ60 ዋት አምፖል በ9 ዋት ኤልኢዲ ሲተካ ተቀራራቢ ብርሃን ይሰጣል፤ የተረፈውን 51 ዋት ለማመንጨት ፓነል መግዛት አያስፈልግዎትም።

2. የብሬከር ሳጥኑን ይመርምሩ

ባለሙያው ዋናውን አጥፍቶ ክዳኑን ሲያነሣ አብረውት ይመልከቱ። የሚፈለጉት ምልክቶች ግልጽ ናቸው፦ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ፣ የተቃጠለ ሽታ፣ ቀለሙ የተለወጠ መዳብ፣ በአንድ ብሬከር ሥር የታጨቁ ሁለት ሦስት ሽቦዎች፣ በብሬከር ፈንታ የተጠመጠመ ፊውዝ ሽቦ። የብሬከር ብሎን ከዓመታት ሙቀትና ቅዝቃዜ በኋላ ስለሚላላ እያንዳንዱ እንደገና መጠበቅ አለበት። ማጥበቂያው አምራቹ በወሰነው ኃይል የሚያጠብቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ከልክ በላይ የተጠመዘዘ ብሎንም ሽቦውን ይቆርጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ በሳጥኑ ውስጥ ብሬከሮቹን የሚያያይዘው የመዳብ ሰሌዳ ማለትም ባስባሩ ነው። ሰሌዳው 63 አምፔር እንዲሸከም ተሠርቶ በ63 አምፔር ዋና ብሬከር የተጠበቀ ነው እንበል። የሶላሩ ኃይል በዚያው ሳጥን በ25 አምፔር ብሬከር ቢገባ፣ ከሁለት ምንጭ በድምሩ እስከ 88 አምፔር ሊቀርብ ይችላል። ዋናው ብሬከር በራሱ በኩል የሚያልፈውን 63 ብቻ ስለሚያይ አይቆርጥም፤ ሰሌዳው ግን ይግላል። መፍትሔው ከፍ ያለ አቅም ያለው ሳጥን ማስገባት ወይም የሶላሩን መግቢያ ከቤቱ ጭነት ሳጥን ውጭ ማድረግ ነው። ሳጥኑ ያረጀ ከሆነ ሳይከራከሩ ይለውጡት፤ ከሌላው ወጪ ሁሉ ቀድሞ የሚገባው ይህ ነው።

3. ሽቦውና ብሬከሩ መመጣጠናቸውን ያረጋግጡ

ብሬከር የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን በግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ስለዚህ የብሬከሩ ቁጥር ሽቦው ከሚችለው መብለጥ የለበትም። በአብዛኛው የቤት ሥራ የሚያገለግለው ምጣኔ እንዲህ ነው፦

• 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፦ ለመብራት፣ 10 አምፔር ብሬከር
• 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፦ ለሶኬት፣ 16 አምፔር
• 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፦ 25 አምፔር
• 6 ካሬ ሚሊ ሜትር፦ 32 አምፔር
• 10 ካሬ ሚሊ ሜትር፦ 40 አምፔር

ሽቦው ሙቀት ባለበት ጣሪያ ሥር ወይም ከብዙ ሽቦዎች ጋር በአንድ ቧንቧ የሚያልፍ ከሆነ አቅሙ ከዚህ ይቀንሳል። ብሬከሩ እየዘለለ ስላስቸገረ በትልቅ የተተካበት ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ካገኙ ወይ ብሬከሩ ወደ ልኩ ይመለስ ወይ ሽቦው ይወፍር።

ከዚያ የኢንሱሌሽን ፍተሻ ይደረግ። ዕቃዎች በሙሉ ከሶኬት ይነቀላሉ፣ ኃይል ይቋረጣል፣ ባለሙያው በፌዙ ማለትም ኃይል በሚያመጣው ሽቦና በመሬት መስመር፣ በኒውትራሉ ማለትም ኃይሉ በሚመለስበት ሽቦና በመሬት መስመር መካከል በ500 ቮልት ይለካል። ውጤቱ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ልባሱ የተጎዳ ወይም እርጥበት የገባበት ሽቦ አለ ማለት ነው። ጤናማ መስመር ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ስለሚያሳይ 1ን በጥቂቱ ያለፈ ንባብም መንስኤው ሊፈለግ ይገባል። መለኪያው የሚልከው ቮልቴጅ ስስ መሣሪያዎችን ስለሚያቃጥል አንድም ዕቃ ተሰክቶ እንዳይቀር።

4. የመሬት መስመሩን ያስተካክሉ

ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ስላለ ብቻ የመሬት መስመር አለ ብለው አይመኑ። ሽቦው ከሶኬቱ ጀርባ ተቆርጦ፣ ወይም ከነጭራሹ መሬት ሳይደርስ ሊገኝ ይችላል። ለመሬት መስመር ተብሎ ከውሃ ቧንቧ ጋር የታሰረ ሽቦም በቂ አይደለም፤ ቧንቧው አንድ ቀን በፕላስቲክ ሲተካ ግንኙነቱ ማንም ሳያውቅ ይቋረጣል።

ዘንጉ ወደ መሬት በጥልቀት ይተከላል፤ እርጥበት ያለው አፈር ከደረቅ አሸዋ ይሻላል። ከዚያ ተቃውሞው በመሣሪያ ይለካል። ብዙ ባለሙያዎች ከ10 ኦም በታች እንዲሆን ይሠራሉ። ካልወረደ ሁለተኛ ዘንግ ከመጀመሪያው ቢያንስ የዘንጉን ቁመት ያህል ርቆ ይተከልና ሁለቱ ይያያዛሉ፤ አጠገብ ለአጠገብ ቢተከሉ ያንኑ አፈር ስለሚጠቀሙ ጥቅማቸው ይቀንሳል። የፓነሎቹ የብረት ማቀፊያ፣ መደርደሪያቸውና የኢንቨርተሩ አካል ሁሉ ከዚሁ አንድ የመሬት ሥርዓት ጋር ይገናኛሉ። ለሶላሩ የተለየ፣ ከቤቱ ጋር ያልተያያዘ ዘንግ መትከል አደገኛ ነው፤ መብረቅ በአካባቢው ሲወድቅ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠርና መሣሪያው በመሐል ይቃጠላል።

5. የግድ የሚሠሩትን መስመሮች ከነኒውትራላቸው ለዩ

ከሥራው ሁሉ ጊዜ የሚወስደውና ብዙ ስሕተት የሚፈጠርበት ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለው ያንብቡት።

በደረጃ 1 የመረጧቸው መስመሮች ወደ ሁለተኛው ሳጥን ይዛወራሉ። ኢንቨርተሩ የሚመግበው ይህን ሳጥን ብቻ ነው፤ ከባድ ዕቃዎች በመጀመሪያው ሳጥን ይቀራሉ። እንዲህ ሲለይ ማንም ሰው በጨለማ የውሃ ማሞቂያ ከፍቶ ባትሪውን አይጨርስም።

ችግሩ የሚመጣው ፌዙ ብቻ ሲዛወር ነው። ብሬከር ላይ የሚታየው ፌዙ ስለሆነ ሠራተኛው እርሱን ነቅሎ ወደ አዲሱ ሳጥን ይወስዳል፤ ኒውትራሉ ግን በአሮጌው ሳጥን ከሌሎቹ ጋር ታስሮ ይቀራል። ያኔ ኃይሉ በኢንቨርተሩ በኩል ወጥቶ በሌላ መንገድ ይመለሳል። አርሲዲ ካለ የሄደውና የተመለሰው ስለማይመጣጠን ወዲያው ይቆርጣል፤ አርሲዲ ከሌለ ደግሞ ስሕተቱ ተደብቆ ይኖራል። ኃይል ሲቋረጥ ኢንቨርተሩ ኒውትራሉንም የሚለይ ከሆነ ዕቃዎቹ መመለሻ ያጣሉ፣ አይሠሩም። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ፌዝ በሄደበት ኒውትራሉ አብሮ ይሂድ፤ የሁለቱ ሳጥኖች የኒውትራል ማሰሪያዎችም አይገናኙ።

የየመስመሩን ኒውትራል ለማግኘት ክላምፕ ሜትር ይረዳል። በአንዱ መስመር ላይ ብቻ አምፔሩ የሚታወቅ አንድ ጭነት ለምሳሌ ካውያ ይሰካና ያንኑ አምፔር የሚያሳየው ኒውትራል ይፈለጋል። ፌዙና ኒውትራሉ አንድ ላይ በክላምፑ ሲታቀፉ ንባቡ ወደ ዜሮ ከወረደ ጥንዶቹ ተገኝተዋል።

በሦስት ፌዝ የተሠራ ቤት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚያ ሦስት መስመሮች አንድ ኒውትራል ተጋርተው ሊሆን ይችላል፤ የሦስቱ ፌዞች ጭነት እርስ በርሱ ስለሚቀናነስ ኒውትራሉ ብዙም አይጫንም። ሦስቱን ከአንድ ባለ ነጠላ ፌዝ ኢንቨርተር ጋር ካገናኟቸው ግን መቀናነሱ ይቀርና ይደመራል። እያንዳንዳቸው 12 አምፔር ቢወስዱ 36 አምፔር በአንድ ቀጭን ኒውትራል ያልፋል፤ በኒውትራሉ ላይ ደግሞ የሚቆርጠው ብሬከር የለም። እንዲህ ያለ መስመር ከተገኘ ለየመስመሩ የራሱ ኒውትራል ሳይጎተት አይዛወር።

6. አርሲዲና የቮልቴጅ ዝላይ መከላከያ ያስገቡ

አርሲዲ ኃይል በሰው አካል ወይም በተጎዳ ሽቦ በኩል ወደ መሬት ሲፈስ አውቆ ይቆርጣል፤ ለሰው ጥበቃ የሚሆነው 30 ሚሊ አምፔሩ ነው። ዓይነቱን በኢንቨርተሩ መመሪያ ይምረጡ። ኤሲ የተባለው ተራ ዓይነት ከኢንቨርተር ሊመጣ በሚችል ቀጥተኛ (ዲሲ) ፍሳሽ ደንዝዞ ላይቆርጥ ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ ኤ ወይም ቢ ዓይነት ይጠየቃል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ለባለሙያው የግድ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ኢንቨርተሩ ብቻውን ሲሠራ ኒውትራልና መሬት የሚገናኙት የት ነው?» በመደበኛ ጊዜ ይህ ግንኙነት በብዙ ቦታ በኤሌክትሪክ አቅራቢው ድርጅት በኩል አለ። ኢንቨርተሩ ከዋናው መስመር ሲለይ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል፤ ያኔ ፌዝ የብረት አካል ቢነካ ኃይሉ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ አርሲዲው አይቆርጥም። አንዳንድ ኢንቨርተሮች በውስጣቸው ባለ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ራሳቸው ያገናኛሉ፣ ሌሎች ከውጭ እንዲሠራ ይጠይቃሉ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ መገናኘት ግን የለበትም።

የቮልቴጅ ዝላይ መከላከያው በሳጥኑ መግቢያ ላይ ይሆናል፤ ከፓነሉ በሚመጣው የቀጥተኛ ኃይል በኩልም ለዚያ የተሠራ ሌላ ያስፈልጋል። ማገናኛ ሽቦዎቹ በድምሩ ከግማሽ ሜትር ባይበልጡ ጥሩ ነው፤ ረጅም ሽቦ ጥበቃውን ያዳክማል።

7. የኃይል መቀየሪያውን ይትከሉ

መቀየሪያው ሦስት ቦታ አለው፦ ዋና መስመር፣ ዜሮ፣ ኢንቨርተር። መሐል ያለው ዜሮ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይላቀቅ ሌላው እንዳይገናኝ ያደርጋል። ኢንቨርተሩ ሲበላሽ ቤቱን በቀጥታ ከዋናው መስመር ለመመገብም የሚያገለግለው ይኸው ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ባለው ገመድ ኢንቨርተርን በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤት ማስገባት ሰው ይገድላል። ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገድ መስመር ይወጣል፤ መስመሩ የሞተ መስሎት የሚጠግነውን ሠራተኛ ይመታል።

8. ቦታውንና የኬብሉን መንገድ ያዘጋጁ

ኢንቨርተሩ የማይነድ ግድግዳ፣ ጥላና አየር ይፈልጋል። አሲድ ያለባቸው ባትሪዎች ሲሞሉ ሃይድሮጅን ስለሚያወጡ ኢንቨርተሩ በላያቸው አይሰቀልም፤ የባትሪው ክፍልም አየር ማስወጫ ይኑረው።

ባትሪውን ግን አያርቁት። 5000 ዋት በ230 ቮልት 22 አምፔር ያህል ነው፤ ያው ኃይል በ48 ቮልት ባትሪ 104 አምፔር ይሆናል። በ35 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ባትሪው በ2 ሜትር ርቀት ቢቀመጥ በኬብሉ ላይ የሚባክነው 20 ዋት ገደማ ነው። በ8 ሜትር ቢቀመጥ ወደ 87 ዋት ያድጋል፤ ይህ ሁሉ ሙቀት ነው።

ከጣሪያ እስከ ኢንቨርተሩ ሁለት ቧንቧ ያስቀብሩ፤ አንዱ ለፓነል ኬብል፣ ሌላው ለመሬት መስመርና ለመገናኛ ሽቦ። የፓነሉና የቤቱ ኃይል በአንድ ቧንቧ አይሄዱም። ፓነል ብርሃን እስካለ ድረስ ኃይል ስለሚያመነጭ ማጥፊያ የለውም፤ ልባሱ የተላጠ ኬብል ከቤቱ ሽቦ ጋር ቢነካካ የሚቆርጠው ነገር ላይኖር ይችላል።

9. ቆጣሪውን ይጠይቁ

ትርፍ ኃይል ወደ መስመሩ የሚልኩ ከሆነ ከአቅራቢው ፈቃድና በሁለት አቅጣጫ የሚቆጥር ቆጣሪ ያስፈልጋል። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪዎች ወደ ውጭ የሚወጣውንም እንደ ፍጆታ ስለሚቆጥሩ ለሰጡት ኃይል ሊከፍሉ ይችላሉ። የማይልኩ ከሆነ ኢንቨርተሩ ወደ መስመሩ እንዳይገፋ መስተካከሉን ያረጋግጡ። ባትሪ የሌለው፣ ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር ዋናው ኃይል ሲቋረጥ ለደኅንነት ሲባል ራሱን እንደሚያጠፋም ከመግዛትዎ በፊት ይወቁ።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

• ለቤት ኃይል የተሠራ ብሬከር በፓነል ወይም በባትሪ መስመር ላይ ማድረግ። የቤቱ ኃይል በ50 ኸርዝ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ብልጭታው በቀላሉ ይጠፋል። ቀጥተኛው ኃይል ዜሮን አያልፍም፤ ብሬከሩ ቢከፈትም ብልጭታው ቀጥሎ ሳጥኑን ያቃጥላል።
• ሽቦን በጣት ጠምዝዞ በናስትሮ መሸፈን። ሙጫው በሙቀት ይለቃል፣ መገጣጠሚያውም ይላላል። በብሎን ወይም በመጨበጫ የሚይዝ ማገናኛ ይጠቀሙ።
• መዳብና አልሙኒየምን በቀጥታ ማገናኘት። እርጥበት ሲያገኙ አንዱ ሌላውን ይበላዋል፤ ለሁለቱ የተሠራ ማገናኛ አለ።
• ብዙ ክር ያለውን ሽቦ ያለ ጫፍ ቆብ ብሎን ሥር ማስገባት። ክሮቹ ግማሾቹ ውጭ ይቀራሉ፣ የቀሩት ብቻቸውን ይጫናሉ።

10. ኢንቨርተሩ ሳይመጣ ሳጥኑን ይሞክሩ

አዲሱን ሳጥን በመቀየሪያው በኩል ከዋናው መስመር ጋር አገናኝተው ለአንድ ሳምንት ይጠቀሙበት። የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ ይጫኑ፤ ወዲያው መቁረጥ አለበት። ምሽት ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቤት ሲሆን፣ የተዛወሩት ዕቃዎች በሙሉ እየሠሩ ባለሙያው ወይም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወደ ሳጥኑ የሚገባውን አምፔር በክላምፕ ይለካ፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላም የሚግል ብሬከር መኖሩን ይመልከት። የመሬት መስመሩን ንባብ፣ የየብሬከሩን ስምና የለካውን ከፍተኛ አምፔር በወረቀት ጽፈው በክዳኑ ውስጥ ይለጥፉ፤ ግድግዳው ሳይለሰን የቧንቧዎቹን ፎቶግራፍ ያንሡ። ከፍተኛው ንባብ 9 አምፔር ከሆነ ቤትዎ በ230 ቮልት 2070 ዋት ይፈልጋል፤ የሞተሮቹን መነሻ ጨምረው ኢንቨርተሩን የሚመርጡት በዚህ ቁጥር ነው።